በመመርመሪያው ቆብ ላይ የቀረው ቀለሜ

ሕመሜን ብቻ ጽፌ ጥፋቴን ብተወው ይቀለኝ ነበር። ግን ያለ ጥፋቴ ሕመሜ ለማንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

የምኖረው ሰቆጣ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ሥራዬ ጽሕፈት ነው፤ በብራና ላይ ዳዊት እገለብጣለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። የአባቴን አሮጌ ዳዊት ከፊቴ ዘርግቼ፣ ፊደል በፊደል እያስመሰልኩ ለመድኩት። ቀለሙንም ራሴ እሠራለሁ፤ ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥላሸት፣ አሮ ከሰል የሆነ ገብስ፣ የግራር ሙጫና ውሃ ነው። ብራና ቶሎ ገዢ ስለማያገኝ የሱቅ ማስታወቂያም እጽፋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ እየጻፍኩ ሳለ ሳንቲም የላስኩ ይመስል አፌን አንድ ጣዕም ሞላው። ከሆዴ የሆነ ነገር ወደ ላይ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ብርዕ እንደያዝኩ ተቀምጬ መሆኔን ነው። የጀመርኩት ፊደል ወደ ቀኝ ተጎትቶ ከኅዳጉ ወጥቷል። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል አልኩ። የብርዑን ጫፍ ሳየው ግን ቀለሙ ደርቋል። የእኔ ቀለም በብርዕ ጫፍ ላይ ለመድረቅ አቡነ ዘበሰማያት ሁለት ጊዜ ተደግሞ እስኪያልቅ ይፈጃል፤ ለክቼ አውቀዋለሁ። ያን ያህል ጊዜ የት እንደነበርኩ አላውቅም።

ሲደጋገም ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። የመጀመሪያው ደሜን አይቶ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ከሆዴ ይነሣል ስላልኩ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ። ሦስተኛው “ጽሕፈት አብዝተህ ነው” ብሎ መነጽር አዘዘልኝ። አልፈርድባቸውም። ለአንዳቸውም ራሴን እንደምስት አልነገርኩም። “ያዞረኛል” ነው ያልኩት። መሳትና ማዞር አንድ አለመሆናቸውን ግን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ወረፋ ስጠብቅ የምፈራው ስሜ ሲጠራ ሕመሙ እንዳይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን የፈራሁት ደረሰ፤ ተጠርቼ አለፈኝ። አጠገቤ የነበሩ የማላውቃቸው ሽማግሌ “ልጁ አሸልቦት ነው፣ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ነው” ብለው ተራዬን አስመለሱልኝ። ዓይናቸው ግን ያዩትን ነገረኝ። በእጃቸው የያዙትን ሎሚ ገምሰው ግማሹን ሰጡኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ስጽፍ ከመሰላል ወደቅሁ። “ዘመናዊ” የሚለውን ቃል ጀምሬ “ዘመ” ላይ ነበርኩ። ባለቤቱ ሌላ ጸሐፊ ስላልጠራ ቤቱ እስከ ዛሬ “ዘመ የወንዶች ፀጉር ቤት” ነው። ስነቃ ከአፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጨሳል፤ ሰው ከቦኛል፤ የነካኝ ግን አልነበረም።

“አትንኩት፣ ይጋባል” ይላል አንዱ።

“ኧረ የቄሱ ልጅ ነው!” ይላል ሌላው፣ የቄስ ልጅ መሆኔ ነገሩን የሚያብስ ይመስል።

በዚያው ወር እናቴ ጽጽቃ አጠገብ ወዳለ ብረት አግሎ የሚተኩስ ሰው ወሰደችኝ። ከግራ ጆሮዬ በላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰኝ። ቁስሉ ሲድን የሲኒ ቂጥ የሚያህል ቦታ ፀጉር ሳያበቅል ቀረ። በእኛ አገር በዚያ ቦታ ጠባሳ ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፤ የሚወድቅ ሰው መሆኑን ያውቃል።

ያኔ ለእህቴ ለትርፌ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ጥሩ ቤተ ሰብ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ዘር ይጠይቃሉ፤ የሚወድቅ ወንድም ያላት ልጅ ደግሞ ልጆቿም ይወድቃሉ ተብሎ ይታሰባል። እናቴ ከመሰላሉ የወደቅሁት እንጨቱ ተሰብሮ ነው ብላ አወራች።

“እስከ ሠርጉ ብቻ፣ ልጄ” አለችኝ። “ከዚያ በኋላ አደባባይ ብትቆም ምን ገዶኝ።”

በሥራ ቀን የሹራብ ኮፍያ አደርጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግን ወንድ ራሱን ገልጦ ነው የሚገባው። ስለዚህ በየእሑዱ ጠባሳውን በቀለሜ መቀባት ጀመርኩ። በሁለት መስታወት እያየሁ መጀመሪያ ቦታውን አጠቁረዋለሁ፤ ከዚያ በቀጭን ብርዕ ፀጉር በፀጉር እስለዋለሁ። ለዳዊት ብዬ ያዘጋጀሁት ቀለም ነበር። ከሥራዎቼ ሁሉ ያን ያህል የተጠነቀቅሁበት የለም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እንዲህ እያለን አንድ የሐኪሞች ቡድን ከሩቅ ከተማ ለሁለት ሳምንት መጣ። የሚወድቁ ሰዎችን ይመረምራል፣ መድኃኒትም ያስጀምራል ተባለ። አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ “ነገ ትሄዳለህ” አሉኝ።

“ጠበሉስ?” አልኳቸው።

“ጠበሉ የትም አይሄድም። እነዚህ ግን መኪና አላቸው።”

ቡድኑ ያረፈው አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ነው። የግቢው ጥበቃ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ የወንድም ልጅ ነበር። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከወትሮው አወፍሬ ተቀባሁ።

ዶክተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቁኝ። ስለ ቀለሙ መድረቅ ስነግራቸው ሳቁና ጻፉት። “ጊዜውን በቀለም የለካልኝ በሽተኛ አንተ የመጀመሪያው ነህ” አሉ። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፦ ይህ የሚጥል በሽታ ነው፤ ሁልጊዜ በመውደቅ አይገለጥም፤ አፌ ላይ የሚመጣው ጣዕም ራሱ የሕመሙ መነሻ ነው። በመድኃኒት ይያዛል። አይጋባም።

“ራስህ ላይ ቁስል ወይም ጠባሳ አለ?”

“የለም” አልኩ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ቆቡን ያደረገችልኝ ሰላማዊት የምትባል የመሣሪያው ባለሙያ ናት። “ሲስተር” ስላት “ሲስተር አይደለሁም። ደግሞ እኩያህ ነኝ፣ አንቺ በለኝ” አለች። ቆቡ ከራስ ጋር የሚጣበቅ ጥቁር ጨርቅ ነው፤ በውስጡ ምስር የሚያህሉ፣ ጥቁር ጎማ የለበሱ ዓይኖች ተሰክተዋል። ሴንሰር ይሏቸዋል። ግማሾቹ ብርሃን ይልካሉ፣ ግማሾቹ የሚመለሰውን ይቀበላሉ። እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት የስልኳን ባትሪ አብርታ መዳፌን አስቀመጠችበት፤ ጣቶቼ ቀልተው ታዩ።

“አየህ፣ ብርሃን በሥጋ ያልፋል። ይህኛው ደግሞ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፣ የራስ ቅልንም ያልፋል። አንጎል በሚሠራበት ቦታ ደም ይበዛል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ከሚመለሰው ብርሃን ያንን እናነባለን።” ከዚያ አክላ “ገና ጥናት ነው፣ ሌላውን ምርመራ አይተካም። ግን በወገብህ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ። ትልቁ መሣሪያ ሰቆጣ ድረስ አይመጣልህም” አለችኝ።

ወፍራም ጥቁር ፀጉር ብርሃኑን ስለሚይዘው በቀጭን እንጨት ፀጉሬን እየከፈለች ሴንሰሮቹን ከቆዳዬ ጋር አገናኘች። ጠባሳው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

“እዚህ ጋ ሳሳ ብሏል።”

“ተፈጥሮ ነው” አልኳት።

በኮምፒውተሩ ላይ ሴንሰሮቹ ያረፉበት ሁሉ በነጥብ ይታያል። በግራ በኩል ሁለት ነጥቦች አልበሩም። ደጋግማ አስተካከለቻቸው፤ እምቢ አሉ። “ፀጉር ይሆናል” ብላ ተወችው። ቆቡን አድርጌ ቀኑን ግቢው ውስጥ ዋልኩ፣ እዚያው አደርኩ። ይሞቃል፤ አላበኝ። ሲነጋ ትራሱ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ትራሱን ገለበጥኩት።

በማግስቱ ተራው የሙሉ ነበር። ሙሉ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ብርነሽ ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግር ይዘዋት መጥተዋል። ከኽምጣኛ በቀር አይናገሩም። ቡድኑ አስተርጓሚ ስላልነበረው እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ ብዬ ቀረሁ። ሰላማዊት ቆቡን ከእኔ ወደ ሙሉ ስታዛውር ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ በአልኮል ጠረገች። ውሃ እንዳይነካቸው ታዝዛለች።

በግራ በኩል እነዚያው ሁለት ነጥቦች አልበሩም።

ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቆቡን እንዳደረገች ሕመሙ ጣላት። ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እናቷ በጎኗ አስተኝተው፣ ነጠላቸውን ከራሷ ሥር አድርገው ጠበቁ፤ ከሐኪሞቹ ቀድመው ትክክለኛውን አደረጉ። ሲያልፍ ዶክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጡ። ልጅቷ በቀኝ እጇ ነው የጀመራት፤ የቀኝ እጅ ደግሞ በግራው አንጎል ይታዘዛል። ሊያዩ የፈለጉት ግራውን ነበር። በዚያ ቦታ ምንም የለም።

“ጥለሽዋል?” አሏት ሰላማዊትን።

“አልጣልኩም፣ ዶክተር።”

“ታዲያ በራሱ ሞተ?”

“ከትናንት ጀምሮ ነው። በእጄ ላይ አልወደቀም። እግዜር ያውቃል፣ አልወደቀም።”

ሰላማዊት አለቀሰች። ዶክተሩም ያለ መለዋወጫ ሥራው አይቀጥልም ብለው በማግስቱ ጠዋት ለመመለስ ወሰኑ። ስድስት ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “መሣሪያው ተበላሽቷል ብለህ ንገራቸው” አሉኝ።

ነገርኳቸው። በኽምጣኛ፣ ጥርት አድርጌ፣ “መሣሪያው ተበላሽቷል” አልኩ። ወይዘሮ ብርነሽ የልጃቸውን መቀነት እያጠበቁ “እኛ ስንደርስ ነው የሚበላሸው” አሉ። ይህን ለዶክተሩ አልተረጎምኩም።

ቤቴ ገብቼ፣ ገና ሳይመሽ፣ ፈተንኩት። አንድ ጠብታ ቀለም በጥፍሬ ላይ አድርጌ የስልክ ባትሪ ከሥሩ አበራሁ፤ ጣቴ ሁሉ ሲቀላ ጠብታው ያለበት ጠቆረ። ሲደርቅ በአልኮል ጠረግሁት፤ አልነቃነቀውም። ሙጫ በአልኮል እንደማይሟሟ ድሮም አውቃለሁ። ለብ ባለ ውሃ ስነካው ወዲያው ለቀቀ። ከላቤ ጋር ርሶ ሴንሰሮቹ ላይ ደርቋል ማለት ነው፤ ጎማውም ጥቁር ስለሆነ አልታየም። ባልፈትነው ኖሮ “አላውቅም” ማለት እችል ነበር።

ትርፌ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

“እዚያ ለመናገር ኮፍያህን ልታወልቅ ነው” አለችኝ።

“አዎ።”

“ጥበቃው እያየ።”

“አዎ።”

“ለሠርጌ ዐሥራ አምስት ቀን ነው የቀረኝ፣ ታደለ። ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ።” ቀጥላም “ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?” አለች።

“ዐሥራ አንድ።”

በሩን ትታ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ አላልኳትም። በዚያኑ ምሽት ጤና ጣቢያው ድረስ መሄድ እችል ነበር፤ ሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አልሄድኩም። ነገ ሳይነጋ መኪናው ቢነሣ ብዬ ተመኘሁ። ያን ምኞቴን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጠዋት ስደርስ ዕቃ ይጭኑ ነበር። ሰላማዊትን ለብቻሽ ላነጋግርሽ አልኳት።

“ቶሎ በል፣ ሹፌሩ ይጮሃል።”

ኮፍያዬን አወለቅሁ። አጠገባችን ከነበረ ጄሪካን ጣቴን በውሃ ነክሬ ጠባሳዬን አሸሁና ጣቴን አሳየኋት። ጥቁር ነበር።

“ምንድን ነው?”

“ቀለም። የብራና ቀለም። ሴንሰሮቹ አልተበላሹም፤ በእኔ ቀለም ተሸፍነው ነው። በአልኮል አይለቅም።”

ጣቴን አየች፣ ራሴን አየች። “ስለዚህ ትናንት ሳለቅስ አጠገቤ ቆመህ ታውቅ ነበር?”

“ጠርጥሬ ነበር። ማምሻውን አረጋገጥኩ።”

“ለማረጋገጥ ሌሊቱን ፈለግህ!” አለች። ክንዴን ይዛ፣ በጥበቃው ፊት፣ በበሽተኞቹ ፊት፣ ራሴን እንደገለጥኩ ወደ ዶክተሩ ወሰደችኝ። “ንገራቸው። እኔን ትናንት በሰው ፊት እንደጠየቁኝ አንተም በሰው ፊት ንገራቸው።”

ነገርኳቸው። ዶክተሩ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰላማዊትን ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ “በምን ይለቃል?” ብለው ጠየቁኝ።

ጥጥ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ጠብ እስከማይል ጨምቄ፣ የሁለቱን ሴንሰሮች ጫፍ ጠረግሁ። ሰላማዊት እጄን ትጠብቃለች። ሦስት ጥጥ ጠቆረ፤ አራተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ቆቡን ራሷ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሁለቱም ነጥቦች በሩ። ሹፌሩ “እንግዲህ ላውርድ?” አለና መልስ ሳይጠብቅ ሳጥኖቹን ማውረድ ጀመረ።

ለወይዘሮ ብርነሽ የሚነግርልኝ ሰው አልነበረም። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ስንቃቸውን ቋጥረው ለመነሣት ተዘጋጅተዋል።

“እናቴ፣ መሣሪያው አልተበላሸም። እንዳይሠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ትናንት ስነግርዎትም ልቤ ያውቅ ነበር” አልኳቸውና ምክንያቱን አስረዳሁ። እርሳቸው ግን የሚያዩት ጠባሳዬን ነበር።

“ማን ተኮሰህ?”

“ጽጽቃ በኩል ያለ ሰው።”

“አሁን ልጄን ይዤ ወደ እሱ ልሄድ ነበር” አሉ። “እዚህ ካልሆነ እዚያ ብዬ። ጠቀመህ?”

“አልጠቀመኝም።”

“ከተኮሰህ በኋላ ስንቴ ጣለህ?”

“ዘጠኝ ጊዜ። ቀኑን ከነሰዓቱ ጽፌዋለሁ።”

“ጽፎ የሚደብቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ” አሉኝ። “ትናንት ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ቋንቋዬን እየተናገርክ፣ ይህን ኮፍያ ውስጥ ይዘህ ዝም!” ከዚያ ወደ ሙሉ ዞረው ስንቃቸውን ፈቱ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ስድስቱም ሰዎች ተመረመሩ። እኔም ራሴን ታጥቤ በመጨረሻ ቆቡን ደግሜ አደረግሁ። ዶክተሩ ግን መድኃኒቴን የወሰኑት በቆቡ አይደለም፤ “ያስጀመርንህ ከነገርከን ታሪክ ተነሥተን ነው” አሉኝ። ያ ታሪክ ለሦስቱ ክሊኒኮችም ሊነገር ይችል ነበር። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ያደነዝዛል፤ እጄ እንደ ድሮው መስመር እስኪይዝ ሁለት ወር ፈጅቷል። አሁን አንድም ቀን ሳላጓድል ስውጥ ስምንት ወሬ ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ አልወደቅሁም፣ ራሴንም አልሳትኩም።

አባቴ ነገሩን ሲሰሙ “ሰው ዳዊትን በብራና ይጽፋል፤ አንተ በራስ ቅልህ” አሉ እንጂ አልቆጡኝም። ሽማግሌዎቹ ግን በሦስተኛው ቀን መጥተው “እስኪ እስከ ፋሲካ እንቆይ” ብለው ሄዱ። ፋሲካ አልፏል፤ አልመጡም። ማታ ማታ ክኒኔን ስውጥ ውሃ የምታቀብለኝ ትርፌ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ውሃውን ያቀበለችኝ አንድ ቃል ሳትናገር ነው። አሁን ትናገረኛለች፤ ስለ ሠርጉ ግን አናነሣም።

ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ የሚያማችሁ ወይም የሚያመው ልጅ ያላችሁ፦ ለሐኪም “ያዞረኛል” አትበሉ፣ የሆናችሁትን ሁሉ ንገሩ። ተተኩሳችሁ ከሆነ ጠባሳችሁን አሳዩ፤ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ልጁን ይዞ ወደ ብረት ለሚሄድ ሰውም። በእኛ መንደሮች ብረቱን ያልተጠቀሙበት ሰዎች ብዙ ነን፤ ሁላችንም ኮፍያ አድርገን ዝም ስላልን ግን የሚታወቁት ተጠቅመናል የሚሉት ብቻ ናቸው።

ሴንሰሮቹ በጸዱ በማግስቱ ሙሉ ቆቡን ደግማ አደረገች፤ ሁሉም ነጥብ በርቶ ነበር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ጠበቁ፤ ሕመሙ ግን አልመጣም። መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ሰሃላ ተመለሰች። ወይዘሮ ብርነሽ መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ አገኛቸዋለሁ፣ ለፋርማሲውም እተረጉምላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ በፊት በየሳምንቱ ነበር። ዶክተሩ መድኃኒቷን ማስተካከል ሲፈልጉ በስልክ መጀመሪያ ሰላማዊትን የሚጠይቋት ሕመሙ ሙሉን በጣላት ቀን በቆቡ የተያዘውን መዝገብ ነው። ሰላማዊት ልካልኝ አይቼዋለሁ። ሦስቱ ደቂቃዎች አሉበት፤ በቀኝ በኩል መስመሮቹ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉ። በግራ በኩል ባዶ ነው።